ስለ ታኮፒና ስለ ልጆቹ ወላጆች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች፣ ከመጨረሻው በስተቀር፣ ስለ አንድ አጭር የጃፓን ማንጋ (በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ) ናቸው፦ «የታኮፒ ጥንተ አብሶ»። በታይዛን 5 የብዕር ስም የተሠራው ይህ ታሪክ ሾነን ጃምፕ ፕላስ በተባለው የጃፓን ዲጂታል መጽሔት ከዲሴምበር 10 ቀን 2021 እስከ ማርች 25 ቀን 2022 በየሳምንቱ ዓርብ ሳይቋረጥ ወጥቶ በ16 ምዕራፍ አልቋል። በጃፓን የታተመው በሁለት ቅጽ ሲሆን የእንግሊዝኛው ትርጉም ሁለቱን በአንድ ጥራዝ ይዟል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መልሶቻችን የታሪኩን መጨረሻ ስለሚገልጡ ሳታውቁ ማንበብ የምትፈልጉ መጽሐፉን አስቀድሙ።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ሽፋኑን አይታ «ይቺን ሮዝ ኦክቶፐስ ግዢልኝ» እያለችኝ ነው። ለልጅ ይሆናል? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይሆንም። በተለይ ብቻዋን እንድታነብበው አይስጧት። ታኮፒ ክብ፣ ለስላሳና የዋህ ሆኖ ስለተሣለ የትንንሽ ልጆች መጽሐፍ ይመስላል። ታሪኩም የሚጀምረው እንደዚያው ነው። ደስታን ለማዳረስ ከሌላ ፕላኔት የመጣው ፍጡር በተራበ ጊዜ ሺዙካ የምትባል የአራተኛ ክፍል ተማሪ ታበላዋለች፤ እሱም ሊያስቃት ቃል ይገባል። ሺዙካ ግን ማሪና በምትባል የክፍል ጓደኛዋ ዕለት ዕለት የምትንገላታ ልጅ ናት፤ በዚያው በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ራሷን ታጠፋለች። ታኮፒ ጊዜን ወደ ኋላ መልሶ ያድናታል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የወላጅ ድብደባ፣ የአንዲት ልጅ መገደልና የሬሳ መደበቅ ይከተላል።

እኛ የምንመክረው ከ15 ወይም ከ16 ዓመት በላይ ለሆነ፣ ያውም ከጎኑ የሚያነጋግረው ሰው ላለው ልጅ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። በኢንተርኔት በነጻ የሚቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ናቸው፤ በጣም የሚከብደውም እዚያው ነው። እዚያ ላይ ያቆመ ልጅ ክፉውን ተሸክሞ ይቀራል፣ የሚያሳርፈውን ክፍል ሳያገኝ። ስለዚህ ወይ ጨርሶ አይጀመር፣ ወይ በአንድ ወይም በሁለት ቁጭታ እስከ መጨረሻው ይነበብ። ፈጣን አንባቢ በሁለት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል።

ልጅዎ ከሌላ ሰው አግኝታ አንብባው ከሆነ አይቆጡ። ከሺዙካ፣ ከማሪናና የክፍል ጓደኛቸው ከሆነው ልጅ ከአዙማ ማን እንዳሳዘናት ይጠይቋት። ከትምህርት ቤቷ እንደዚያ የምትንገላታ ልጅ ታውቅ እንደሆነም ይጠይቁ። እሷ ራሷ መሞትን አስባ ታውቅ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅም ነውር የለውም፤ መጠየቅ ሐሳቡን በልጅ ልብ ውስጥ አይዘራም፣ ይልቁንም መውጫ በር ይከፍታል። መልሷ «አዎ» ከሆነ፣ ወይም ዝም ካለች፣ ብቻዋን አይተዉአት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ ሁለት ጊዜ አንብቤው የጊዜው ቅደም ተከተል አሁንም ጠፍቶብኛል። ታኮፒ መጀመሪያ ያገኘው ማንን ነው? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ማሪናን ነው። አብዛኛው አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መጽሐፉ የሚጀምረው ከመካከል ስለሆነ አንተም ብትስት አይፈረድብህም። በታኮፒ ሕይወት መሠረት ሲደረደር እንዲህ ይሆናል።

መጀመሪያ 2022 ነው። ታኮፒ ምድር ላይ ሲወርድ ማሪና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆና፣ ፊቷ ላይ ጠባሳ ይዛ ያገኛታል። ከአዙማ ጋር ፍቅር ጀምራለች፤ እናቷም ደስ ብሏታል። ሺዙካ ተመልሳ ስትመጣ የአዙማ ልብ ወደ እሷ ያደላል፣ ነገሩ እቤት ይደርሳል፣ እናትና ልጅ ይጣላሉ፣ በመጨረሻም እናቲቱ በማሪና እጅ ትሞታለች። ያኔ ማሪና በአራተኛ ክፍል ሳለች ሺዙካን ገድላት ቢሆን ኖሮ እንደሚሻል ትናገራለች። ታኮፒም ይህን የጓደኛውን ምኞት ሊፈጽም ወደ ፕላኔቱ ይመለሳል። ሕግ ጥሷልና ትዝታው ይሰረዝበታል፤ እሱ ግን ወደ 2016 ይወድቃል።

ሁለተኛው 2016 ነው። የመጽሐፉ ገጽ 1 ይህ ነው። ታኮፒ ለምን እንደመጣ ረስቶታል፤ ሊገድላት የመጣውን ልጅ ሊያስደስት ይነሣል። ወደ ኋላ የሚመልሰው መሣሪያው ካሜራ ሲሆን የሚወስደው ፎቶው ወደተነሣበት ቅጽበት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ታኮፒ ከዚያ ቅጽበት በፊት የሆነውን አንድም ነገር ሊያስተካክል አይችልም፤ የሺዙካ አባት ቤቱን ጥሎ መሄዱን፣ የማሪና ቤት መፍረሱን። ደጋግሞ ይሞክራል፣ ደጋግሞ ይወድቃል። ከዚያ ማሪና ሺዙካን ስትመታ አይቶ በዚያው ካሜራ ይመታታል። ማሪና ትሞታለች፤ ካሜራውም ይሰበራል። መመለሻው ሲጠፋ ታሪኩ ከልጆች ጨዋታ ወጥቶ የማይመለስ ነገር ይሆናል። ሬሳውን መደበቅ፣ የአዙማ መግባት፣ ወደ ቶኪዮ የተደረገው ጉዞና የታኮፒ ትዝታ መመለስ ሁሉ የዚህኛው ጊዜ ናቸው።

ሦስተኛው እንደገና 2016 ነው፤ ታኮፒ የራሱን ሕልውና ሰጥቶ የተሰበረውን ካሜራ አንድ ጊዜ ያሠራዋል፣ እሱ ራሱ ግን በዚያ ዓለም የለም። የመጨረሻዎቹ ገጾች የሚያሳዩት 2022 የዚህ ቀጣይ ነው።

ሦስተኛ ንባብህን ከመጀመርህ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት መሥመር አስምርና እያንዳንዱን ምዕራፍ ከመሥመሩ ላይ መዝግብ። ሲያጠራጥርህ የማሪናን ፊትና የካሜራውን ሁኔታ ተመልከት፤ ሁለቱ የት እንዳለህ ይነግሩሃል።

ጥያቄ፦ በጣም ያናደደኝ የወላጆቹ ነገር ነው። አንዳቸውም አይቀጡም፣ አንዳቸውም አይጸጸቱም። ደራሲው ይቅር ብሏቸዋል ማለት ነው? (አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ይቅር አላላቸውም፤ ግን ጭራቅ አድርጎም አልሣላቸውም። የሚያናድድሽም ይህ ሳይሆን አይቀርም። የሦስቱን ልጆች ቤት እንይ፤ ሁለቱ በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው።

የሺዙካ እናት በምሽት መጠጥ ቤት ደንበኛ እያስተናገደች ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ከደንበኞቿ አንዱ የማሪና አባት ነው። የቤቱ ገንዘብ እዚያ ይፈስሳል፣ አባት እቤት አይገባም፣ የማሪና እናት ንዴቷን በልጇ ላይ ትወጣለች፣ ማሪና ደግሞ በማግስቱ በሺዙካ ላይ። አራት ሰው ያለፈበት ምት ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ምንም የማታውቅ የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ ላይ ነው። ማሪና ሺዙካን ስትሰድብ የምትጠቀምባቸው ቃላት በሙሉ የአዋቂ ቃላት መሆናቸውን አስተውለሻል? እቤት ስትሰማ ያደረችውን ነው የምትደግመው። ይህን ሳይገልጥ ማሪናን ክፉ ልጅ ብቻ አድርጎ ቢተዋት ኖሮ መጽሐፉ ግማሽ ዋጋውን ባጣ ነበር።

የአዙማ ቤት ሌላ ነው። የተማረና የተደላደለ የሐኪም ቤተሰብ ነው፤ ማንም እጁን አያነሣም። እናቱ ግን ፍቅሯን በፈተና ውጤት ትመዝናለች፤ ታላቅ ወንድሙ ጁንያ ሁሉ የሚሳካለት በመሆኑ አዙማ ሁልጊዜ ጎዶሎ ሆኖ ይታያል። የሥዕል አያያዙንም ተመልከቺ፤ የእናቱ ፊት ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ከክፈፉ ውጭ ይቀራል። ልጁ ፊቷን ቀና ብሎ አያይም፣ እኛም አናይም።

ለምን ማንም አዋቂ እንደማይደርስላቸው ለመረዳት የጃፓንን ሁኔታ ማወቅ ይረዳል። ታሪኩ በሚፈጸምበት 2016 በጃፓን ከፍቺ በኋላ በልጅ ላይ የወላጅነት ሥልጣን የሚኖረው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነበር። ሕጉ በ2024 ተሻሽሎ የጋራ ሥልጣን የሚቻለው ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ነው። ስለዚህ አባቷ ቶኪዮ ሄዶ ሌላ ሚስት አግብቶ ሌሎች ልጆች ሲያሳድግ ሺዙካ ከሕይወቱ ወጥታ መቅረቷ በዚያ አገር አንባቢ ዘንድ የተለመደ ነገር ነው። ወላጅ ልጁን ለመቅጣት መምታቱን የሚከለክለው ሕግም ሥራ ላይ የዋለው በኤፕሪል 2020 ነው። የልጅ ጥቃት መጠቆሚያው ባለ ሦስት አኃዝ ስልክ፣ 189፣ ከጁላይ 2015 ጀምሮ ነበረ። ግን ጎረቤት ወይም መምህር አንሥቶ መደወል አለበት፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚደውል የለም። የእኔ ንዴት ከወላጆቹ እኩል የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ የሺዙካ ቦርሳ በስድብ ተሞልቶ እያየ የሚያልፍ አዋቂ ሁሉ ላይ።

አዙማ ስለ ማሪና ሞትና ስለተደበቀው ሬሳ እውነቱን ለመናገር ሲወስን ምን እንደሚጠብቀው የጠየቁም አሉ። በጃፓን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 41 መሠረት ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጣም፤ ጉዳዩ ወደ ሕፃናት ምክር ማዕከል ይመራል። አዙማ ይህን አያውቅም። ሕይወቱ ያበቃ መስሎት ነው የሚሄደው። እንዲሄድ ያስቻለው ደግሞ ሲቀናበት የኖረው ወንድሙ ቁጭ ብሎ ስላዳመጠው ነው።

ጥያቄ፦ መጨረሻው አልተዋጠልኝም። አንዷ ሌላዋን ለሞት ያደረሰች ልጆች እንዴት ጓደኛ ይሆናሉ? (የአኒሜ ወዳጅ)

መልስ፦ በመጨረሻው ዓለም ሞት አልደረሰም፤ ማንገላታቱ ግን ደርሷል፣ ስለዚህ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ሺዙካና ማሪና በደብተር ላይ የተጫረ የታኮፒ ሥዕል ያያሉ፤ ማን እንደሆነ አያውቁትም፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ማውራት ይጀምራሉ። እንዲሁ ቢነገር ርካሽ ይመስላል። የሚያድነው ደራሲው ከዚያ በላይ ምንም አለመስጠቱ ነው። የሺዙካ አባት አይመለስም። የማሪና እናት አትለወጥም፤ በመጨረሻው 2022 እንኳ የማሪና ፊት ላይ ጠባሳው አለ። ስድስት ዓመት ያለፈባቸው ሁለት ልጃገረዶች አብረው ገበያ ይወጣሉ፣ ስለ እናቶቻቸው እያማረሩ ይስቃሉ። ችግሩ እንዳለ ነው፤ የሚሰማቸው ሰው አግኝተዋል።

ታኮፒ በ15 ምዕራፍ ሙሉ ያልገባውም ይኸው ነበር። በየጊዜው አንድ መሣሪያ ከኪሱ ያወጣል፤ መብረሪያ፣ ማስታረቂያ ሪባን፣ መልክ መለወጫ። ልጆቹን ግን ምን ሆናችሁ ብሎ ጠይቆ እስኪጨርሱ አያዳምጥም። ከፕላኔቱ ሕጎች አንዱ መሣሪያዎቹን ለሰው እጅ ትቶ አለመሄድ ነው፤ እሱ ግን ሪባኑን ለሺዙካ ትቶላት ሄደ፣ የመጀመሪያው ጥፋትም ከዚያ መጣ። በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ የሚበድል ወዳጅ ነው፤ የሺዙካን አባትና የማሪናን እናት ካየን በኋላ ይህን የዋህ ፍጡር ከበደለኞቹ ተራ ማሰለፍ ድፍረት ይጠይቃል። መጨረሻውን እንደ ዕርቅ ሳይሆን እንደ ጅማሬ ብታነበው የተሻለ የሚዋጥልህ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ ማንጋውን ላንብብ ወይስ አኒሜውን (በተንቀሳቃሽ ሥዕል የተሠራውን ፊልም) ልይ?

መልስ፦ ማንጋውን አስቀድም። አኒሜው በ2025 ኤኒሺያ በተባለ ስቱዲዮ በ6 ክፍል ተሠርቶ ከጁን 28 ጀምሮ ወጥቷል፤ ታሪኩን በታማኝነት ይከተላል፣ የልጆቹ ድምፅም ልብ ይነካል። ነገር ግን ድምፅና ቀለም የተጨመረበት ግፍ ከወረቀቱ ይልቅ ይከብዳል፤ ወረቀት ላይ ገጹን አንተ ትገልጣለህ፣ ሲከብድህ መጽሐፉን ትዘጋለህ። ሲነበብ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከላይ ወደ ታች መሆኑን አትርሳ፤ በአንድ ክፈፍ ውስጥ ያሉ ንግግሮችም በቀኝ ካለው ይጀመራሉ።

ጥያቄ፦ ስለ ሁለት አብሮ አደጎችና ስለ ወላጆቻቸው በአማርኛ የ16 ገጽ ማንጋ ልሠራ ነው። ሥዕል እችላለሁ፤ ገጽ አዘጋጅቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር? (ሠዓሊ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ 16 ገጽ ጥሩ መጠን ነው። አራት የኤ4 ወረቀት በሁለቱም ፊት ታትሞ መሐል ለመሐል ሲታጠፍ 16 የኤ5 ገጽ ይወጣዋል፤ ማንኛውም ማተሚያ ቤት በስቴፕለር ያያይዘዋል።

ከሥዕል በፊት ታሪኩን በትንንሹ ንደፍ። አንድ ኤ4 ለስምንት ተከፍሎ በሁለት ወረቀት 16 ገጹን ይይዛል። ሰውን በክብና በዘንግ ብቻ ሣል፤ ንግግሩን ግን በትክክል ጻፍ። ጃፓኖቹ ሠዓሊዎች በዚህ ደረጃ ደጋግመው ያፈርሳሉ፤ ቀለም ከገባ በኋላ ማፍረስ ስለሚያሳዝን ስህተት እያየህ ታልፋለህ። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ መጽሐፍ ሙሉ ቁጥር (2፣ 4፣ 6…) ገጾች በግራ፣ ጎዶሎዎቹ (1፣ 3፣ 5…) በቀኝ ይውላሉ። አንባቢ ገጽ ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው ሙሉ ቁጥሩን ስለሆነ የሚያስደነግጠውን ነገር ገጽ 6፣ 10 ወይም 14 ላይ አድርግ። ገጽ 7 ላይ ብታደርገው ገጽ 6ን ሲያነብ ዓይኑ አስቀድሞ ያየዋል። ሁለት ገጽ የሚሸፍን ትልቅ ሥዕል ከፈለግህ ቦታው 8 እና 9 ብቻ ነው፤ በአንድ ወረቀት ላይ ስለሆኑ መገጣጠሚያው አይዛነፍም።

እያንዳንዱን ገጽ በኤ4 ላይ ሣለው፤ ወደ ኤ5 ሲወርድ 71 በመቶ ይሆናል። ክፈፎቹ የሚያርፉበት ቦታ ወርዱ 170፣ ቁመቱ 250 ሚሊ ሜትር ይሁን። በላይና በታች ክፈፎች መካከል 8፣ ጎን ለጎን ባሉት መካከል 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ተው። ሁለቱን እኩል ካደረግሃቸው አንባቢ ወደ ጎን ይሂድ ወደ ታች ይውረድ ግራ ይገባዋል።

አሁን ጀማሪዎችን ሁሉ የሚያስቸግረው፣ ፊደሉ ነው። የጃፓን ንግግር ከላይ ወደ ታች ስለሚጻፍ የንግግር ፊኛው (ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ) ቀጭንና ረጅም ነው። የእኛ ጽሑፍ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ቃሉም ረጅም ነው። «አልነገረችኝም» የሚለው አንድ ቃል ቀጭን ፊኛ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ፊኛውን ሰፊ አድርገህ፣ ፊደሉን መጀመሪያ ጽፈህ፣ ፊኛውን በዙሪያው ሣል። በአንድ ፊኛ ከ8 ወይም ከ10 ቃል አትለፍ፤ ቃል መካከል አትስበር። በዋናው ወረቀት ላይ የፊደሉ ቁመት ከ4 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ሲታተም 2.8 አካባቢ ይሆናል። ከዚያ ካነሰ ሀን ከሁ፣ ለን ከሉ የሚለዩት ትንንሽ ቅጥያዎች ይጠፋሉና አንባቢ «ና» ያልከውን «ን» ብሎ ያነብባል።

ለወላጆቹ ገጸ ባሕርይ የምንሰጥህ ምክር አለ። «እናትሽ ከሄደች ወዲህ እንዲህ ሆንኩ» ብሎ የሚያብራራ አባት አትሣል፤ ሰካራም አባት ለልጁ ምክንያት አይተነትንም። አንድ የሚያስጠላ ነገርና አንድ ደግ ነገር ሲያደርግ አሳይ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል ሳይሆን ደጉን አስቀድመህ። ማታ ልጁን ጋቢ የሚያለብስ እጅ ገጽ 3 ላይ ከታየ፣ ያው እጅ ገጽ 10 ላይ ሲነሣ አንባቢ ይደነግጣል። ሁለቱን ወላጆች በ16 ገጽ ለማስተዋወቅ አትሞክር፤ የአንዷን ልጅ ቤት ከውስጥ አሳይ፣ የሌላዋን ከበር ድምፅ ብቻ። አማርኛው የሚሰጥህን መሣሪያም ተጠቀምበት፦ ልጅቷ አባቷን «አባዬ ና» ስትለው ቆይታ አንድ ቀን «ይምጡ» ካለችው፣ ርቀቱን በሌላ ሥዕል ማስረዳት አያስፈልግህም። ለዚህ ግን እስከዚያ ድረስ አንዴም ሳትቀላቅል መጻፍ ይኖርብሃል።

ለቀለም ውኃ የማያስለቅቀው ባለ ቀጭን ጫፍ ብዕር ይበቃል፤ 0.5 ሚሊ ሜትር ለሰውና ለክፈፍ፣ 0.1 ለፀጉርና ለጀርባ ዝርዝር። ከ0.1 በታች አትውረድ፤ ሲያንስ መሥመሩ ይቆራረጣል። እርሳሱን ለማጥፋት ቢያንስ 15 ደቂቃ ጠብቅ፤ የተቸኮለ ላጲስ ጥቁሩን ያሻግረዋል። ስካን ሲደረግ ጥቁርና ነጭ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይሁን። ግራጫውን በነጥብ የምትሠራ ከሆነ በኮምፒውተር በኢንች 60 መሥመር ብለህ አትምረጥ፤ ሲወርድ 85 ስለሚሆን ፎቶኮፒው ነጥቦቹን አያይዞ ጥቁር ያደርጋቸዋል። ከ40 እስከ 45 ብትመርጥ ከ56 እስከ 63 ላይ ያርፋል፣ ይህም በጥሩ ሁኔታ ይታተማል።

ለማተሚያ ቤት ስትሰጥ ገጾቹ በአንድ ፊት ጎን ለጎን የሚውሉት እንዲህ ነው፦ 16 ከ1፣ በጀርባው 2 ከ15፤ 14 ከ3፣ በጀርባው 4 ከ13፤ 12 ከ5፣ በጀርባው 6 ከ11፤ 10 ከ7፣ በጀርባው 8 ከ9። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 17 ካልሆኑ አንድ ቦታ ተሳስተሃል። ወረቀቱ በአጭሩ ጎን እንዲገለበጥ ንገራቸው፤ በረጅሙ ከተገለበጠ የጀርባው ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል። 200 ከማሳተምህ በፊት አንድ ብቻ አስወጣና ዓይኑ ደከም ላለ ሰው በማታ መብራት አስነብብ።